ለስለት የበቀለ ስንዴ

ረቡዕ፣ መጋቢት 2 (ማርች 11)። ጠዋት 1፡30

የዛሬ ቆጠራ፦ ከመቶ ፍሬ ዘጠና አንዱ በቅሏል። አምስቱ አብጠው ቀሩ፤ አራቱ ሞተዋል። እርጥብ ጨርቅ ላይ ሦስት ቀን አደሩ። ጥሩ ስንዴ ነው። ለብቅል የሚገዛኝ ሰው ፊት አላፍርበትም። አሮጌው ጆንያ ለዶሮ ይሁን።

ከሰዓት፣ 10፡00

አንዲት ሴት ሱቄ መጣች። ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ግራጫ ሻርፕ፣ ጫማዋ ንጹሕ። ከላስቲክ ውስጥ የሻገተ ስንዴ አውጥታ ባንኮኒዬ ላይ ዘረገፈችው። ከሦስት ትልልቅ ግሮሰሪ ገዝታ ሦስቱም አልበቀሉላትም። እንግሊዝኛዋ እንደኔው ስብርብር ያለ ነው፤ ግን ይደርሳል። አንድ ፍሬ አንስቼ አየሁት። ነፍሱ ያለችበት ጫፍ በማሽን ተፍቃለች። ሬሳ ነው የሸጡልሽ አልኳት። ስንዴ ብሎ ጽፎ የማይበቅል ነገር የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይደለም፤ ደሜ ፈላ።

ስሟ ማህጉል ነው። ፋርስኛ ተናጋሪ መሆኗን ስሰማ፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ ዌስትዉድ የሰፈሩት ፋርሶች ወገን ነሽ አልኳት። ሳቀች። ቋንቋው አንድ፣ አገሩ ሌላ። እሷ ከሄራት ናት፣ ከአፍጋኒስታን፤ ኢራን ማዶ ለማዶ ይታያል ማለት ይቻላል። ድሮ ሁሉም ኹራሳን የሚባል ሰፊ አገር ነበር፣ ድንበሩ በኋላ የመጣ ነው አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምራለች፤ ያስታውቃል። እኔ ስለ ፋርስ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፦ የሜዶንና የፋርስ ሕግ አይሻርም የሚለውን።

ስንዴው ለአዲስ ዓመታቸው ነው። የፊታችን ዓርብ ሳምንት ይገባል፤ ዘንድሮ ከኢዳቸው ጋር ተገጣጥሟል። ስንዴውን ያበቅላሉ። ሥሩ ነጭ ሆኖ ሲጠላለፍ፣ አረንጓዴ ሳያወጣ፣ ይፈጩታል፣ ይጨምቁታል፤ ጭማቂውን ከዱቄትና ከውሃ ጋር ቀኑን ሙሉ ያማስሉታል። ስኳር ጠብ አይልበትም፤ ግን ይጣፍጣል። ሰመነክ ይሉታል። ወንድ ድስቱ አጠገብ አይቆምም።

ዘንድሮ ደግሞ ስለት አለባት። የእህቷ ልጅ ሄራት ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ስትጨርስ ት/ቤት ተዘጋባት። ሴት ስለሆነች፤ ሌላ ጥፋት የላትም። ዓመታት ቤት ተቀመጠች። አሁን ወጥታ ሌላ አገር ት/ቤት ገብታለች። ማህጉል ተስላ ነበር፦ ልጅቷ ክፍል ውስጥ በተቀመጠች ዓመት ከአንድ ድስት አርባ ሰው አበላለሁ ብላ። አርባ አፍ። አንድ ቢጎድል ስለቱ አልደረሰም።

ስለት ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

አሥር ፓውንድ መዘንኩላት። ከእኔ የብቅል ስንዴ የሚገዛ ሁሉ ምራቂ አለው፤ አንድ ከረጢት ጌሾ። ጆንያው አናት ላይ አደረግኩላት። ባለታክሲው ተፈራ በር ላይ ፓርክ አድርጎ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ደንበኛ ከሌለህ እኚህን ሴት ሚድ ዊልሻየር አድርስልኝ አልኩት። ወሰዳት።

ጥሩ ቀን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 (ማርች 14)። ከሰዓት

ደብተሬ፣ አትታዘበኝ። ሱቁን ለሁለት ሰዓት ዘግቼ ማህጉል ቤት ሄድኩ። የሸጥኩት ዘር የት እንደደረሰ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባሏ ሞቷል። የምትኖረው በባሏ ወንድም ግቢ፣ ከኋላ ባለች ትንሽ ቤት ነው። ሰውየው ሐጂ ናስር ይባላል፤ አገሬዎቿ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ሰብሳቢ ነው፤ ሰመነኩም የሚበስለው እዚያ ነው። በር ላይ አገኘሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተከለ። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አለፍኩ።

ወጥ ቤቷ ውስጥ አራት ትሪ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ። ጫፉን ገለጥኩ። ሥሩ እንደ ዳንቴል ተያይዟል። በቀን ሦስት ጊዜ በእጇ ውሃ ትረጭበታለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በመስኮቱ በኩል ያለው ትሪ ይሞቀዋል፣ ቀድሞ አረንጓዴ ያወጣል፣ ቦታ ቀይሪለት አልኳት። ወዲያው ቀየረችው። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲናገር የምትሰማ ሴት ናት።

ስለ ከተማዋ አወራችኝ። ስንት ጊዜ ፈርሳ ስንት ጊዜ እንደተሠራች። በጋ ላይ መቶ ሃያ ቀን የሚነፍስ ነፋስ አላቸው፤ ስሙም የመቶ ሃያ ቀን ነፋስ ነው፤ የጥንት ሰዎች በእሱ ወፍጮ ያዞሩበት ነበር። ታጂኩ፣ ሐዛራው፣ ፓሽቱኑ፣ ቱርክመኑ እዚያ ይገበያያል። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት አንዲት ንግሥት ት/ቤት አሠርታ ዙሪያውን ረጃጅም ሚናሬቶች አቆመች። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በሽቦ ገመድ ተወጥሮ ነው የቆመው። ሴት ያሠራችው ት/ቤት ፍርስራሽ ባለበት ከተማ ሴት ልጅ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አትማርም። ይሄን ስትናገር ድምጿን አላነሳችም። እኔ አነሳሁላት። በየትኛው መጽሐፍ ነው የተጻፈው? ማነው እንዲህ ያለ ሕግ የሚያወጣ? ቤቱን ሞላሁት።

«እኅቴ፣ ስንዴው ይደነግጣል» አለችኝ። ሳቅን።

እሷ ረመዳን ላይ፣ እኔ ሁዳዴ ላይ። ሻይ እንኳን ሳንጠጣ ተለያየን።

ሰኞ፣ መጋቢት 7 (ማርች 16)። 5፡00

ማህጉል ደወለች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምጽ ነው።

አዳራሹን ተከልክላለች። ሐጂ ናስር ዓርብ ከስግደት በኋላ ተነሥቶ ተናግሯል፦ ስንዴው የቢራ ስንዴ ነው፣ የተገዛውም ከቢራ ነጋዴ ነው፣ እንዲህ ያለ ድስት አዳራሻችን አይገባም። ለማማሰል የተመዘገቡት ሴቶች አንድ በአንድ ደውለውላታል። አንዷን ትከሻዋን አሟታል። አንዷ ድንገት እንግዳ መጥቶባታል። አንዷ ምክንያትም አልፈለገችም። እኔ ቤቷ ቅዳሜ ስመጣ ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር። አፍራ ነው ያልነገረችኝ።

የቢራ ነጋዴ! እኔ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፌርፋክስ ላይ ስነግድ አንድ ጠርሙስ ቢራ በእጄ አላለፈም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ ጧፍ፣ ነጠላ። አዎ፣ ጌሾም እሸጣለሁ። ቢላ የሚሸጥ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው?

ቆይ። ጌሾው ለምን እንደሚሆን ማን ነገረው?

8፡15

ተፈራ ነው። ሌላ ማን ይሆናል። ጠርቼ ባንኮኒው ፊት አቆምኩት።

«ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ምንም እትዬ ሙሉ፣ ጆክ ነው።»

«ጆኩን እስቲ ንገረኝ፤ እኔም ልሳቅ።»

ሐጂው በር ላይ ጆንያውን ተቀብሎ፣ ከረጢቱን ከፍቶ አሸተተ፤ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ተፈራም፣ «ሶ፣ ላስቀው ብዬ፣ ሀቢቢ፣ ይቺማ ለቢራ ናት፣ ሲደርስ ኮል አድርገኝ አልኩት።»

«ሳቀ?»

«አልሳቀም።»

«እሺ?»

«እሺማ፣ በሩን ዘጋው።»

መኪናህን በየሦስት ወሩ ሰርቪስ ታደርጋለህ፣ የአፍህን ፍሬን የምታሠራው መቼ ነው አልኩት። የአንዲት ሴት ስለት በአንተ ጆክ ተበላሸ። አንገቱን ደፋ። የሚያሳዝን መሰለኝና ይበልጥ ተናደድኩ። አስወጣሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8 (ማርች 17)

ማህጉል ዘንድ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ። ተፈራ እንዲህ፣ ሐጂው እንዲያ። አንድ ሰው ሳይጠይቅ ሳያጣራ እንዴት በሰው ፊት ቆሞ ይናገራል? ሴት ልጅን ከት/ቤት የከለከሉትን የሚረግም ሰው እንዴት እሱም ሴትን ከድስቷ ይከለክላል? በአገሩ መከልከል ግፍ፣ በሎስ አንጀለስ መከልከል ሥርዓት ነው?

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ያንን ቅጠል እኔ አልጠየቅኩሽም። ማን ጨመረው?

ደብተሬ፣ ይሄን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እኔ ነኝ።

ለምን እንደምትገዛው ጠይቄያት ነበር። ነግራኛለች። ስለቱን፣ ልጅቷን፣ አርባውን አፍ። ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ አልሰማም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንዴ መዝኖ ወዲያው ጌሾ የሚያነሳ እጅ ነው። ምራቂ ብዬ ሰጠኋት፤ ያተረፍኩላት ግን መጥፎ ስም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ስሰድብ ይሄ ነገር አንዴ እንኳን አልታየኝም።

ይቅርታ አልኳት። እሷ ወደ ትሪዎቹ ዞረች። ነጩ ሥር ጫፍ ላይ ትንሽ ቢጫ አለ። ከሦስት ቀን በላይ አይጠብቅም፤ አረንጓዴ ካወጣ ይመራል፣ ምሬቱን የሚያወጣው ምንም የለም። ዛሬ ማታ ትሪዎቹን ቀዝቃዛ ቦታ ማውረድ ነው። የግቢው ጋራዥ ወለል ላይ ሲሚንቶው ይበርዳል፤ ኢዱ እስኪያልፍ፣ እስከ ቅዳሜ ቢያቆየን። አወረድናቸው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9 (ማርች 18)። ከሰዓት

ሐጂ ናስርን አዳራሹ ሄጄ አገኘሁት። ዳውንታውን ፓርኪንግ ፍለጋ ብቻ አርባ ደቂቃ። ወንበር ሰጠኝ። ሁለታችንም ጾመኞች ነን፤ እሱም የሚያቀርበው የለው፣ እኔም የምቀበለው። ደረቅ ወሬ ብቻ።

በቀጥታ ነገርኩት። ቅጠሉ የእኔ ነው። እሷ አልጠየቀችኝም። ልማዳችን ነው፤ ጥፋቱም የእኔ። ሹፌሩ ቀልዶ ነው። ስንዴው ስንዴ ነው።

አመነኝ። ያናደደኝም ይሄ ነው! አምንሻለሁ እኅቴ አለ፣ አንቺ ሐቀኛ ነሽ። ግን ቃሌ ወጥቷል። በሰው ሁሉ ፊት የተናገርኩትን በሳምንቱ ባነሳ፣ ለወንድሙ ሚስት አደላ ይሉኛል።

«እንግዲያው የፋርስ ሕግ ነው በለኛ፣ የማይሻር» አልኩት።

«ፋርስ አይደለሁም፤ ሄራቲ ነኝ» አለ፤ ጢሙ ውስጥ ፈገግ እንዳለ አየሁት።

ፈገግ ሲል አገኘሁት ብዬ ያዝኩት። ለአዲስ ዓመት ሰባት ዓይነት ደረቅ ፍሬ በውሃ ዘፍዝፋችሁ ትበላላችሁ፣ ማህጉል ነግራኛለች አልኩት። አዎ አለ። ዘቢብ አለበት? አለበት፣ ዋናው እሱ ነው አለ። ወይን ጠጅ ከምን ይሠራል? መቁጠሪያውን አነሳ። ዘቢቡን ልትጥሉት ነው? ጣቶቹ መቁጠሪያውን ይገፋሉ።

ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። በክብር። እንዲህ ያለ ክብር ከስድብ ይብሳል። ትክክል መሆኔን ያውቃል፤ የሚያውቀውን ይዞ ይቀመጣል፤ ሴትየዋ ደግሞ ስለቷን ይዛ ትቀመጣለች። መኪናዬ ውስጥ መሪውን መታሁት። እጄን አሞኛል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10 (ማርች 19)። ጠዋት

ተነሥቼ ሒሳብ ሠራሁ፤ ንዴት ድስት አይጥድም።

የሱቁ ጓሮ? አይሆንም። የቢራ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ላይ አበሰለች ብለው ሐሜቱን ያትሙባታል። የእሷ ግቢ የሐጂው ነው። የቀረው የእኔ ቤት ነው፣ ዌስት አዳምስ። ጓሮው ሰፊ ነው፤ ጋዝ ምድጃ አለኝ፤ ለማኅበር የምንጥደው ትልቁ ድስት አለ። አንድ ችግር፦ ጋራዡ ውስጥ ስድስት ጆንያ ጌሾ አለ።

ማውጣት እችላለሁ። ተፈራ በአንድ ጉዞ ይጭነዋል። አላወጣሁም። ደብቄ ላበላት አልፈልግም፤ በተደበቀ ነገር ነው እዚህ የደረስነው። ደውዬ እንዳለ ነገርኳት፦ ስድስት ጆንያ አለ፣ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉን ለአንቺ እሰጣለሁ።

ከዚያ፣ ስንዴን የሚያበላሸው ጎረቤቱ አይደለም፣ ጊዜው ነው አለች። ቁልፉንም አልፈልግም አለች። ቅዳሜ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11 (ማርች 20)

አዲስ ዓመታቸው ገባ። እንኳን አደረሰሽ ለማለት ደወልኩ። ኢዱም ነው፣ ቤቱ በእንግዳ መሞላት ነበረበት። ከኋላዋ የሰው ድምጽ አልሰማሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12 (ማርች 21)። 6፡00፣ በጥድፊያ

ጠዋት 12፡30 ላይ ፈጨን፣ ጨመቅን። ጭማቂው ወተት ይመስላል። 1፡30 ላይ ተጣደ። ሰባት የታጠቡ ጠጠሮች ድስቱ ውስጥ ገቡ፣ ታች እንዳይዝ እየተንከባለሉ የሚፍቁ። ብልህ ሥራ ነው፤ ለሽሮ ልሞክረው።

እስከ 3፡00 ድረስ እኔና እሷ ብቻ። ማማሰያው እንደ አካፋ ነው። ክንዴ ዛለ። በሩን በየደቂቃው ታያለች፣ እንዳላየች ሆና።

መጀመሪያ የመጣችው ሄራቲ አይደለችም። የሐዛራ ሴት ናት፣ ከጋዝኒ፣ ማህጉል ሰፈር የምትኖር። ቋንቋቸው አንድ፣ ዜማው ሌላ። እጅጌዋን ሰብስባ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። እኛም ላይ በየአዳራሹ ብዙ ተብሏል፣ ወሬ አያስደነግጠንም አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝ።

አሁን ስድስት ሴቶች ናቸው። ትከሻዋን ያመማት መጥታለች፤ በሁለት እጇ ታማስላለች። ማንም ስለ ትከሻው አልጠየቃትም። እኔ ግን አየሁ፤ እዚህ ይጻፍ።

ምሽት፣ 1፡15

11፡00 ላይ ድስቱን ከድነው ዱዓ አደረጉ። ሲከፈት ቀለሙ እንደ ማር፣ ሽታው እንደ ትኩስ ዳቦ። የመጀመሪያውን ማህጉል ለእኔ ሰጠችኝ። ስንዴና ውሃ ነው፣ ጾሜን አልነካብኝም። ጣፋጭ ነው፤ ስኳር የሌለበት ጣፋጭ፣ ኋላ ላይ የሚመጣ።

ከእነሱ ወገን የበሉት አሥራ ዘጠኝ። ከአርባ አሥራ ዘጠኝ! አንድ ሰው ባወራው፣ አንድ ሰው ባላነሳው ቃል። ማህጉል ጭልፋውን ይዛ ቆመች። እኔ ተፈራን አየሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ጥግ ቆሟል፣ ማህጉልንና ትሪዎቹን አምጥቶ ወንድ ነህና ድስቱ አጠገብ አትቅረብ ተብሎ። አንድም ቃል አልነገርኩትም። ስልኩን አወጣ።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ መንገዱ በመኪና ሞላ። ፌርፋክስ ላይ ደንበኛ የሚጠብቁ ሹፌሮች፣ ሁለት ነርሶች ከነዩኒፎርማቸው፣ የነሱ እናቶች። «የጾም ነው፣ ስንዴ ነው፣ ግቡ! ድራይቭዌዩን እንዳትዘጉ!» እያለ ይጮኻል። ማህጉልን ጠየቅኳት፣ የእኛ ሰዎች ይቆጠራሉ? ስለቱ አፍ ነው ያለው፣ የማን አፍ አላለም አለች። አንዱ ሹፌር ሳህኑን ተቀብሎ ሲያማትብ የሐዛራዋ ሴት አየችውና በራሷ አነጋገር ቢስሚላህ ጨመረችለት።

ተፈራ ጠጠር ደረሰው። «ጥርሴ!» ብሎ ጮኸ። ጠጠር የደረሰው ይመኛል፣ ተመኝ አሉት። «ጥርስ ነዋ የምመኘው!» ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ስድስት ቀን ሳላናግረው የኖርኩት ሰውዬ አሳቀኝ።

አርባ ስድስት አፍ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ማህጉል ሁሉም ከሄዱ በኋላ አላለቀሰችም። ድስቱን ፋቀች። ከታች የቀረውን በአንድ ሳህን ገልብጣ በፎጣ ሸፈነችው። የሐጂ ናስር ነው አለች። የሰመነክ ድስት የተጣላውን ሰው ሳያዳርስ አይታጠብም፤ የእናቷ ቤት ልማድ ነው። ከዚህ ወዲያም የምትኖረው በእሱ ግቢ ነው።

ስጭው እንግዲህ አልኳት። አንቺ ነሽ የምትሰጭው አለችኝ። ቅጠሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።

ተቆጣሁ። ስለ አዳራሹ ያልመለሰ፣ ትክክል መሆኔን እያወቀ በሩን የከፈተልኝ ሰው! ይምጣና ይውሰድ አልኩ። በጓሮው እየተዘዋወርኩ ብዙ ነገር አልኩ። እሷ ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ደህና እደሪ ብላ ሄደች። ተፈራ አደረሳት፤ አፉን ዘግቶ።

ሳህኑ አሁን ከፊቴ ነው። አሁንም ተቆጥቻለሁ። ከስድስቱ ጆንያ አንዱንም አላነሳሁም፣ አላነሳምም። የመጀመሪያው ጥፋት ግን የእኔ ነው።

ነገ፦ ከቅዳሴ መልስ፣ 6፡00 ላይ፣ ሳህኑን ለሐጂ ናስር አደርሳለሁ። ነጠላዬን ለብሼ፣ በሁለት እጄ ይዤ። ማንኪያ አልረሳም፤ እፊቴ ይቀምሳል።